በፈቃዳቸው ለምርምር የቀረቡ ሕሙማን

እኩዮቹ ሁሉ ድምፃቸው ጎርንኖና ጢማቸው አቆጥቁጦ ወደ ጎልማሳነት ሲያመሩ፣ እርሱ ብቻ በልጅነት መልኩና በቀጭን ድምፁ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሚሞላው ወጣት፣ እኩዮቿም የወር አበባ አይተው እርሷ ሳታይ የቀረች ልጃገረድ በማናቸውም አገርና በማናቸውም ዘመን ይገኛሉ። ወላጅ «ገና ነው፣ ይደርሳል» እያለ ይጠብቃል፤ ለብዙዎቹም ልጆች ነገሩ እንደ ወላጅ ቃል ይሆንና ዘግይቶ ይደርሳል፤ ለጥቂቶቹ ግን በሕክምና ካልተረዱ በቀር ሠላሳ ዓመትም ቢሞላቸው አይደርስም። በማቴዎስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ ጌታችን ከልደታቸው ጀምሮ ጃንደረባ ስለሆኑ ሰዎች መናገሩን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ይህ ዐይነቱ ሰው ለጥንቱም ዘመን እንግዳ እንዳልነበረ ይረዳል። ተሰውሮ የኖረው መንሥኤው ነበር፤ መንሥኤውም ሊገለጥ የቻለው ይህንኑ ጉድለት በሥጋቸው የተሸከሙ ሰዎች ሐፍረታቸውን አሸንፈው ክንዳቸውን ለተመራማሪ በፈቃዳቸው ስለ ዘረጉ ነው። ስለ እነርሱ ውለታ ተገቢው ያህል አልተነገረም ብዬ ስለማምን፣ እስከ ዛሬ የተማርነውን ሁሉ ከእነርሱ ጋራ አያይዤ ለመናገር እወዳለሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን የሥጋን ሥርዐት እንመልከት። በአንጎላችን ሥር፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ትንሽ ክፍል፣ ቁጥራቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሺሕ የሚገመት የነርቭ ሕዋሳት ተበታትነው ይገኛሉ። እነዚህ ሕዋሳት ጂኤንአርኤች የተባለውን ሆርሞን እያመነጩ ከበታቻቸው ወዳለው ወደ ፒቱታሪ ዕጢ ይልካሉ፤ ፒቱታሪም በተራው ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን በደም በኩል ለወንዱ ወደ ዘር ፍሬው፣ ለሴቷ ወደ ዕንቁላል ዕጢዋ ይሰድዳል፤ የወንድነትና የሴትነት ምልክት ሁሉ፣ የመውለድም ችሎታ ከዚህ ይመነጫል። የመጀመሪያው መልእክት ከቀረ፣ የቀሩት አካላት ጤነኞች ቢሆኑም ቅሉ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን እነዚያ ሕዋሳት በፅንሱ ውስጥ የሚፈጠሩት በአንጎል ሳይሆን በአፍንጫ አካባቢ መሆኑ ነው። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ የሽታ ነርቭ የሚዘረጋበትን መንገድ ተከትለው ወደ አንጎል ይጓዛሉ፤ መንገዱ ከተበላሸ እነርሱም ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ ስለዚህም ከእነዚህ ሕሙማን አያሌዎቹ ከተወለዱ ጀምሮ ሽታ የሚባል ነገር አያውቁም። ማኤስትሬ ደ ሳን ኹዋን የተባለ የስፔን የአካል ጥናት ሊቅ የሽታ ነርቭ መጥፋትንና የዘር ፍሬ አለማደግን በአንድ ሬሳ ላይ አይቶ በ1856 ጽፏል፤ ፍራንዝ ካልማን ደግሞ ደዌው በዘር የሚወርድ መሆኑን በ1944 ከቤተሰቦች ታሪክ አስረድቷል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

የሆርሞኑ ባሕርይ የታወቀው በ1971 ነው። አንድሩ ሻሊ ከአሳማ፣ ሮዤ ጊልማን ከበግ አንጎል፣ እጅግ ብዙ ከሆኑ እንስሳት የተሰበሰበውን ቁራጭ ለዓመታት እያጠሩ ሆርሞኑን ለዩት፤ በ1977ም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ይሁን እንጂ ሆርሞኑ በእጅ ከገባ በኋላ ያለማቋረጥ ሲሰጥ የታሰበውን አላደረገም። በፒትስበርግ ኤርንስት ክኖቢልና ባልደረቦቹ ምክንያቱን በ1978 በጦጣዎች አሳዩ፤ ሆርሞኑ በየሰዓቱ አንድ አንድ ጊዜ ሲሰጥ ፒቱታሪ ይሠራል፣ ሳያቋርጥ ሲፈስስ ግን ዝም ይላል። በማኅሌት ከበሮ በልኩ ሲመታ ዜማውን እንደሚመራ፣ ያለ ዕረፍት ቢደበደብ ግን መዘምራኑ ሁሉ መግቢያቸውን እንደሚያጡ፣ የዚህም ሆርሞን ኃይል በመምጣቱና በማረፉ መካከል ባለው ጊዜ ላይ የቆመ ነው።

በእንስሳ የታየው በሰው እንዴት እንደሆነ ሊያስረዳ የሚችል ግን ሰው ራሱ ብቻ ነበር። በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ዊሊያም ክራውሊና ባልደረቦቹ ይህን ጥናት ሲይዙ ሕሙማኑንም ጤነኞቹንም በፈቃዳቸው አስተኝተው ደማቸውን መመርመር ጀመሩ። አሠራሩ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ፈቃደኛው ሰው በአልጋው ላይ ጋደም ይላል፤ ነርሷ በክንዱ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ታስገባለታለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በየ10 ደቂቃው ጥቂት ደም እየቀዳች ሰዓቱ በተጻፈበት ብልቃጥ ትጨምራለች። ፈቃደኛው ቢያነብ፣ ቢበላ፣ ቢያሸልብም መቅዳቱ አይቋረጥም፤ እንቅልፍ ሲወስደው ክንዱን ሳታንቀሳቅስ በዝግታ ትቀዳለች። ለ12 ሰዓት ሲቀጥል ከ70 የሚበልጡ ብልቃጦች በመደርደሪያው ላይ ተሰልፈው ያድራሉ። ይህ ሁሉ ያስፈለገበት ምክንያት ጂኤንአርኤች ራሱ ከጭንቅላት ሳይወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠፋ በክንድ ደም ሊለካ አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ የእርሱን አመጣጥ የሚያሳየው የፒቱታሪ ሆርሞን የኤልኤች መውጣትና መውረድ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ ደም ደግሞ ስለ መውጣቱም ስለ መውረዱም ምንም አይናገርም።

ከብልቃጦቹ የተገኘው መጠን በወረቀት ላይ ሲሣል፣ የጤነኛው ሰው መሥመር በሰዓታት ልዩነት ሽቅብ እየወጣ ይመለሳል፤ የሕሙሙ መሥመር ግን ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ዝርግ ነው። ከሕሙማኑ የአንዳንዶቹ ሆርሞን ቀን ዝም ብሎ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ይነሣ ነበር፤ ይህም ጉርምስና በሚጀምርበት ወራት በጤነኛ ልጆች የሚታየው ሁኔታ ነው። ስለዚህ አንድ ደዌ የተባለው ብዙ መልክ እንዳለው ታወቀ፤ ይህንንም ያስታወቁት ሌሊቱን ክንዳቸውን ዘርግተው ያደሩት ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ማሳያ ከዚህም የበለጠ ጽናትን የጠየቀ ነው። ሕሙማኑ በወገባቸው ትንሽ ፓምፕ ታጥቀው፣ መርፌዋ ከቆዳቸው ሥር ተተክላ፣ በየሁለት ሰዓቱ የጎደላቸውን ሆርሞን በጥቂቱ እየተቀበሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በሥራም በመኝታም ከእርሷ ጋራ ለወራት ኖሩ። በ1982 በታተመው ጽሑፍ እንደ ተገለጸው ለብዙ ዓመታት ዘግይቶ የነበረው ጉርምስና መጣላቸው፤ የዘር ፍሬያቸው አደገ፤ ድምፃቸው ጎረነነ። በጀርመን አገር ደግሞ በ1980 በተመሳሳይ መንገድ የወር አበባቸው ተቋርጦ የነበሩ ሴቶች ዕንቁላል እንዲያወጡ ለማድረግ ተቻለ። ዛሬ ሐኪሞች ለጎልማሳነት ምልክት ለወንዱ ቴስቶስቴሮንን፣ ለሴቷ ኤስትሮጅንን ያዝዛሉ፤ ልጅ ለመውለድ ለሚሹት ደግሞ የፒቱታሪን ሥራ የሚተኩ መርፌዎች ወይም ይኸው ፓምፕ አለ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ስለ ሣራ፣ ስለ ሐናና ስለ ኤልሳቤጥ ዕንባ የነገሩንን የምናውቅ ሰዎች፣ ይህ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻንም።

ጥናቱ ያስከፈላቸውን ዋጋ ደግሞ መሸሸግ አይገባም። ለመመርመር ሲባል ሕሙሙ የሚወስደውን ቴስቶስቴሮን ለሳምንታት ያቆማል፤ ድካምና የመንፈስ መጫን ይሰማዋል። ነገር ግን ያልተጠበቀው ዕውቀት የተገኘው ከዚሁ መቆም ነው። ደዌው የዕድሜ ልክ ነው ተብሎ ሲታመን፣ መድኃኒቱን ካቆሙት ከአንዳንዶቹ ሰውነት ሆርሞኑ በራሱ መምጣት እንደ ጀመረ ታየ፤ በ2007 የታተመው ጥናት ይህ ከ10 ሕሙማን በአንዱ ገደማ እንደሚሆን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ሕሙሙን «ዕድሜህን ሁሉ ትወስዳለህ» ብሎ ብቻ አይለቀውም፤ በየጊዜው አቁሞ መመርመር እንደሚገባ ያውቃል።

ከአንድ ቤት ሐዘን የተነሣ ዕውቀት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት ወደ ቱርክ አገር ማለፍ ይገባል። በአዳና ከተማ አሊ ኬማል ቶፓሎግሉ የተባሉ ሐኪም፣ ዘመዳሞች ከተጋቡባቸው ቤቶች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ የቀሩ ልጆችን ሲመረምሩ፣ በ2009 ከብሪታንያ ሊቃውንት ጋራ ሆነው ኒውሮኪኒን ቢ የተባለው ንጥረ ነገር የሚሠራባቸው ሁለት ጂኖች በእነዚህ ልጆች ተበላሽተው አገኙ። ይኸው ንጥረ ነገር ባረጡ ሴቶች አንጎል ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሳት እንደሚገኝ ናኦሚ ራንስ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ከሟቾች አንጎል ቀደም ብለው አስተውለው ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ፣ ያረጠች ሴት በድንገት የሚያቃጥላትና በላብ የሚያጠምቃት ትኩሳት ከዚህ ንጥረ ነገር ጋራ የተያያዘ መሆኑ ተገለጠ፤ ሥራውን የሚገታው ፌዞሊኔታንት የተባለ መድኃኒትም በ2023 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ አልፎ አልፎ ጉበትን ስለሚጎዳ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ደማቸውን የሰጡት የአዳና ልጆች በእናቶቻቸው ዕድሜ ላሉ፣ በስም ለማያውቋቸው ሴቶች መድኃኒት የሚሆን ነገር እንደ ሰጡ ሳስብ ልቤ ይነካል።

እዚህ ላይ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ሽታ ማወቅና አለማወቅ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ፣ ገጹ ሲፋቅ ሽታ የሚወጣው 40 ጥያቄ ያለበት የአሜሪካ መጠይቅ ደብተር ነው፤ ከሽታዎቹም መካከል ፒዛ፣ ሩት ቢር የተባለው ለስላሳ መጠጥና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ይገኛሉ። በእጣን፣ በተቆላ ቡናና በተነጠረ ቅቤ ሽታ ያደገ ሰው ሩት ቢርን ለይቶ ባያውቅ አፍንጫው ታሟል ማለት አይደለም። መለኪያው ለእያንዳንዱ ሕዝብ የሚስማማ እንዲሆን ከየሕዝቡ ጤነኞችም ሕሙማንም መቅረብ አለባቸው፤ ከእኛ ሰው ካልቀረበ ውጤቱ ስለ እኛ አይናገርም።

ይሁን እንጂ ቅረቡ ማለት ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ቅረቡ ማለት አይደለም። በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ፣ የቂጥኝ በሽታ ያለባቸው 399 ጥቁር ወንዶች ደዌው ሲያድግ ለማየት ብቻ እንደ ታመሙ ተትተዋል፤ ፔኒሲሊን የቂጥኝ መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላም ተነፍገዋል፤ እውነቱም አልተነገራቸውም። ከዚያ ግፍ በኋላ በ1974 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ እንዲህ ያለ ምርምር በገምጋሚ ጉባኤ ሳይታይ አይጀመርም፤ ፈቃደኛውም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት በስምምነት ወረቀት ካልፈረመ በቀር አይያዝም። በሌላ በኩል ደግሞ ሴቶችን ከጉዳት እንጠብቅ ተብሎ በ1977 በወጣ መመሪያ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ያላቸው ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እስከ 1993 ድረስ ተከልክለው ነበር፤ በዚህም የተነሣ ስለ ማኅፀንና ስለ ሆርሞን ዕውቀት ወደ ኋላ ቀረ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የሚቀርበው ሰው ከመፈረሙ በፊት ያለ ሐፍረት ይጠይቅ፤ ይህ ሕክምና ነው ወይስ ለዕውቀት ብቻ የሚደረግ ነው፤ ምን ያህል ደም ይቀዳል፤ የምወስደውን መድኃኒት አቆማለሁ ወይ፤ ጉዳት ቢደርስ ማን ያክመኛል፤ የጂኔ ምሥጢር የት ይቀመጣል፤ ውጤቱ ይነገረኛል ወይ? ብዙውን ጊዜ ምርምሩ ራሱን ፈቃደኛውን አይፈውስም፤ ይህን ሳይሰውር የሚናገር ተመራማሪ ሊታመን ይገባዋል። በማናቸውም ሰዓት ማቋረጥ መብቱ ነው፤ ቢያቋርጥም በሕክምናው የሚደርስበት ቅጣት የለም።

የጂን ጥናት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ከሕሙሙ አልፎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያው የተበላሸ ጂን በአንዱ ወንድም መካንነትን አስከትሎ፣ በሌላው ልጆች በወለደው ወንድም የሽታ አለመኖርን ብቻ፣ በአጎት ደግሞ በጎልማሳነት መዘግየትን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ሐኪሙ «በቤታችሁ ሽታ የማያሸት ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ መልሱን የምታውቀው እናት ናት፤ ወጡ ሲያርር ያልሸተተውን ልጇን፣ ዘግይቶ ያደገውን ወንድሟን ታስታውሳለች። ያ ወንድም ሲጠራ መምጣትም፣ አልመጣም ማለትም ይችላል፤ ሕሙሙም ስለ ራሱ የነገረውን ለወንድሙ ለመንገር ፈቃዱ ሳይጠየቅ ማንም በእርሱ ፈንታ አይነግርም።