ቁጠባ ከእናትና ከልጅ ሳህን አይጀመርም

ኑሮ ሲወደድ ቤተሰብ ወጪውን መቀነሱ የግድ ነው። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጡት ዘይት፣ መድኃኒትና የሕፃናት ወተት ዋጋቸው ሽቅብ ሲወጣ በየሱቁ አይተናል። የብዙ ሰው ገቢ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም። ታዲያ አንድ ቤተሰብ "እንቀንስ" ብሎ ሲነሣ በቅድሚያ የሚቀንሰው ከምን ላይ ነው? ስለዚህ ጉዳይ ከአዋላጅ ነርስነት ሥራዬ አንጻር ጥቂት ልበላችሁ።

ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትመጣ ክብደቷን እንመዝናለን፣ የደም ማነስ እንዳለባትና እንደሌለባት እናያለን፣ "ትናንት ምን በላሽ?" ብለንም እንጠይቃለን። ብዙውን ጊዜ የምናገኘው መልስ "ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ማታ ደግሞ ከልጆቹ የተረፈውን" የሚል ነው። ይህ የሚሆነው ቤቱ ባዶ ሆኖ አይደለም። ከሰሉ ይነዳል፣ የስልክ ካርዱ ይሞላል፣ የእቁቡ ይጣላል። እናቲቱ ግን ማንም ሳያዛት "ለእኔ ይቅርብኝ" ብላ ቁጠባውን ከራሷ ሳህን ጀምራለች። ባልየው ይህን ላያውቅ ይችላል። ማታ ሲገባ ራቱ ቀርቦለታል፣ እሷም "እኔ ቀድሜ በልቻለሁ" ትለዋለች።

እንዲህ ያለው ቁጠባ ቆይቶ ወጪ ይዞ ይመጣል። ደም ያነሳት እናት በወሊድ ጊዜ ትንሽ ደም ቢፈሳት እንኳ አቅም ታጣለች። በሚገባ ያልተመገበች እናት ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ልትወልድ ትችላለች፣ እንዲህ ያለው ሕፃን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይታመማል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ከወትሮው በቀን አንድ ጊዜ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨምራ መብላት አለባት። ጨምራ ትብላ ሲባል ሥጋ ይገዛላት ማለት አይደለም። አንድ እንጀራ በሽሮና በጎመን፣ ወይም አንድ ጭብጥ ንፍሮ፣ ሲገኝም እንቁላል ይበቃል። ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴም አለ። ቡናና ሻይን ከምግቡ ጋር አያይዞ መጠጣት በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ነው። በምስሩና በጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ደግሞ በተቃራኒው ይረዳል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የብረት እንክብልም ትዋጠው እንጂ መሳቢያ ውስጥ አይቅር።

የቆርቆሮ ወተት

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ጡት መስጠት የምትችል እናት "ወተቴ አነሰ" ብላ፣ ወይም ጎረቤት "ሕፃኑ አልጠገበም" ስላላት ብቻ የቆርቆሮ ወተት ታስገዛለች። እስቲ እናስላው። አንድ ባለ 400 ግራም ቆርቆሮ በትክክል ሲበጠበጥ የሚወጣው 3 ሊትር ያህል ወተት ነው። 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን ወደ 900 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። እንግዲህ አንዱ ቆርቆሮ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው ማለት ነው፤ ለወር ከ8 እስከ 10 ቆርቆሮ ያስፈልጋል። የአንዱን ዋጋ ከሰፈራችሁ መድኃኒት ቤት ጠይቃችሁ አባዙት። ይህ ወጪ ከበርካታ ቤተሰቦች አቅም በላይ ነው። አቅም ሲያንስ ደግሞ የሚከተለው ማቅጠን ነው። ቆርቆሮው እንዲበረክት ዱቄቱ ይቀነሳል፣ ውሃው ይጨመራል። ሕፃኑ ሆዱ ይሞላል፣ ሰውነቱ ግን ይመነምናል። ውሃውና ጡጦው ንጹሕ ካልሆኑም ተቅማጥ ይጨመርበታል።

ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በስተቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ጡት በተጠባ ቁጥር ወተት ይጨምራል፤ ቆርቆሮው በገባ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። ሥራ የምትመለስ እናት ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ማስቀመጥ ትችላለች። በክፍል ውስጥ ለ4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ሞቃት በሆኑ ከተሞች ግን የክፍሉን ሰዓት አሳጥሩት። በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ማጥባት የማትችል እናት ካለች ግን ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለምና ከሐኪም ጋር ተመካክራ፣ በትክክል እየበጠበጠች ትስጥ።

ከ6 ወር በኋላ የሚጀመረውን ገንፎም እቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ሦስት እጅ እህል፣ ማለትም ስንዴ ወይም በቆሎ ወይም ገብስ፣ ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር፣ ማለትም ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ጋር፣ ታጥቦና ተቆልቶ ይፈጫል። ባቄላ ከሆነ ተከክቶ ገለባው ይወጣለታል። ገንፎው ሲበስል ጥቂት ዘይት፣ እንቁላል ወይም የተፈጨ ካሮትና ጎመን ይጨመርበታል። ይህ በሥዕል ካሸበረቀው ካርቶን ምግብ አያንስም።

እሳትና መብራት

እንግዲህ ከሳህኑ ካልሆነ ከየት እንቀንስ? ከሥሩ ከሚነደው እሳት እንጀምር። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ቦሎቄ ማታ ተነክሮ ካደረ የሚበስልበት ጊዜ በእጅጉ ያጥራል። ድስትን መክደን ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ከሰል ይቆጥባል። በሦስት ጉልቻ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ምርጥ የተባለውን ምጣድ ቢያስገባ ማገዶው ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንስለታል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይሻላል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ወይም በጥቂት ውሃ አቁላልቶ ዘይቱን ኋላ መጨመር እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ዘይት በሊትር ሳይሆን በሲኒ በሚገዛበት ቤት ልዩነቱ ይታያል።

በኤሌክትሪክ የሚጋግሩ ደግሞ ይህን ያስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3 ኪሎዋት ተኩል የሚወስድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሲበራ፣ 9 ዋት የሆነ አንድ አምፖል ከ380 ሰዓት በላይ ቢበራ የሚያስቆጥረውን ያህል ያስቆጥራል። ልጆች መብራት አላጠፉም ተብሎ በየማታው የሚጮህባቸው ቤት ውስጥ ምጣዱ በሳምንት አራት ጊዜ ለአምስት አምስት እንጀራ ይሟሟቃል! የሳምንቱን በሁለት ቀን አከታትሎ መጋገር፣ ምጣዱ ጠፍቶ ትኩስ ሳለም ድርቆሽ ማድረቅ ይሻላል። ከጎረቤት ጋር ተራ ይዞ በአንድ ሙቀት መጋገርም እንዲሁ። የመብራት ታሪፉ በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ይጨምራል። በአንድ ቆጣሪ አራት አምስት ሆነው የሚጠቀሙ ተከራዮች ይህ ይበልጥ ይጎዳቸዋልና ስለ መጋገሪያ ቀን ቢነጋገሩ ጥሩ ነው። ባለ 60 ዋቱን የድሮ አምፖል በባለ 9 ዋቱ መለወጥም አይረሳ።

እንጀራ ሲሻግት የሻገተውን ቆርጦ ቀሪውን መብላት ቁጠባ አይደለም፤ ሻጋታው ከሚታየው አልፎ ይገባል። ሳይሻግት በፊት ድርቆሽ ማድረግ ነው።

እህል ስትገዙ

አዲስ እህል ገበያ የሚወጣው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ የዓመቱን ባይሆን የሦስት ወሩን በዚያ ጊዜ መግዛት ያዋጣል። ኩንታል መግዛት ያልቻለ ከጎረቤት ጋር ይካፈል። ለእህል ብቻ የሚሆን ትንሽ እቁብም መግባት ይቻላል። ከሰፈር ሱቅ በላስቲክና በሲኒ የምትገዙትን ስኳር ወይም ዘይት አንድ ቀን በኪሎና በሊትር ስንት እንደሚመጣ አስሉት፤ ትንሽ ትንሽ መግዛት ውድ መግዛት መሆኑን ታያላችሁ። በሸማቾች ማኅበር ሱቅና በእሁድ ገበያ ያለውን ዋጋም አወዳድሩ። ጤፉን ከማሽላ ወይም ከሩዝ ጋር ማደባለቅም ነውር የለበትም፤ ወጡ ጥራጥሬና ጎመን ካለው ማንም አይጎዳም።

ነገር ግን እህል በብዛት ስታስገቡ አንድ ከባድ አደጋ አለ። የነቀዝ መድኃኒት እየተባለ የሚሸጠው ክኒን እርጥበት ሲነካው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ጆንያው ላይ ከተደረገ ቤተሰብ ሙሉ ሊያልቅ ይችላል። የዚህን መርዝ ጉዳት የሚሽር ማርከሻም የለውም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የምትኖሩ በምንም ምክንያት አታስገቡት። እህሉን በደንብ ፀሐይ አስመትቶ አየር በማያስገባ ዕቃ መክደን ይበቃል። ጤፍ ደግሞ በነቀዝ እምብዛም አይጠቃም። እንደዚሁም ከሰል ለመቆጠብ ሲባል ወጥ የተሠራበትን ምድጃ አራስ ወደተኛችበት ዝግ ክፍል ማስገባት ይቅር። ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ እናትና ልጅ እንደተኙ ሊቀሩ ይችላሉ።

ባልና ሚስት አብረው ሲቆጥሩ

በብዙ ቤት ባል የአስቤዛ ብር ይሰጣል፣ ሚስት ታብቃቃለች፤ ቀሪው ከባል ኪስ የት እንደሚሄድ አይነገርም። አባወራዎች እንዳትቆጡኝ እንጂ ሲጋራው፣ ጫቱና ቢራው በወር ሲደመር ለአንድ ቤተሰብ የእንቁላልና የወተት ይሆናል። እማወራዎችም ብንሆን ከገቢያችን በላይ የሆነ እቁብ ገብተን፣ ለቡፌው የብርጭቆ ደርዘን ስንደረድር ታይተናል። ስለዚህ ለአንድ ወር ብቻ በልጆች ደብተር ጀርባ ሁለታችሁም ያወጣችሁትን ሁሉ ጻፉ። በወሩ መጨረሻም አትነቃቀፉ፤ አብራችሁ ደምሩና ምን እንደሚቀር ተስማሙ። የሱቅ ዱቤ ያለባችሁም ከዚያው ደብተር ላይ ይታያችኋል።

እርግዝና ካለ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ብር ለብቻ ይቀመጥ። ይህ ለገንፎ እህሉና ለቅቤው ብቻ አይደለም። ምጥ ሌሊት ቢመጣ ለመኪና የሚከፈል ገንዘብ ሲፈለግ የሚባክነው ሰዓት የሰው ሕይወት ነው። ለሕፃኑ ጫማና ካልሲ መግዛት ይቆይ። ዳይፐር ለመንገድና ለሌሊት፣ ቀን ቀን ግን ታጥቦ ፀሐይ የነካው ጨርቅ ይበቃል።

ከሕክምና መቀነስን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው መቀነስ ያለበት ነው። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ገንዘብ መጣል ነው፤ ጉንፋንን አያድንም። ሕፃን ሲያስቀምጠውም ማስቆሚያ ክኒን አትግዙ፤ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ለ10 ቀን የሚሰጥ ዚንክ ነው። ሁለተኛው መቀነስ የሌለበት ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል። የታክሲውን ብር ለማትረፍ ተብሎ ክትባት ወይም የሦስት ወሩ መርፌ ቀጠሮ ሲያልፍ አይተናል። መመላለሱ ከከበዳችሁ ንገሩን፤ በክንድ የሚቀበረው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሉፑ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ቋሚ ደመወዝ የሌላችሁ፣ በግል ሥራ የምትተዳደሩ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ትችላላችሁ። በዓመት አንድ ጊዜ በምትከፍሉት መዋጮ ቤተሰቡ መድን ውል በገባባቸው ጤና ተቋማት ይታከማል። መታወቂያው ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ የማደሻው ወቅት የተወሰነ ስለሆነ ከወረዳችሁ ወይም ከቀበሌያችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካደሳችሁት በኋላም ከሕፃኑ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ሁለታችሁም በምታውቁት ቦታ አስቀምጡት።