ሊስና ጁቢሊ
ክፍል ሦስት፦ የመኮንኖች ሜዳ

ባለፈው ሳምንት፦ ዴንማርካዊቷ ጋላቢ ሊስ ሃርቴል በ1944 እ.ኤ.አ.፣ በ23 ዓመቷ፣ እርጉዝ ሳለች ፖሊዮ ጣላት። ጤነኛ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ከጉልበቷ በታች ያሉት እግሮቿ ግን አልታዘዝ አሉ። ያም ሆኖ ወደ ኮርቻዋ ተመለሰችና በ1947 በስካንዲኔቪያ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣች።

በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ ኦሊምፒክ ነበር። ሊስ አልሄደችም፤ መሄድም አትችልም ነበር። የከለከላት ደግሞ እግሯ አይደለም። የኦሊምፒክ ድሬሳጅ ማዕረግ ላላቸው መኮንኖች ብቻ የተፈቀደ ስለነበር ሴትም ሲቪልም አይገባበትም።

ይህ ደንብ እንዴት ያለ ጣጣ እንደነበረው ስዊድናውያን ይንገሩን። ፔርሶን የሚባል አንድ ሃምሳ አለቃ ነበራቸው፤ ግልቢያው ከመኮንኖቹ የሚያንስ አልነበረም። ለለንደኑ ውድድር ሲሉ መኮንን አደረጉት፤ በቡድን ወርቁን ወሰዱ፤ ውድድሩ እንዳለፈ ሰውዬውን ወደ ሃምሳ አለቅነቱ መለሱት። ነገሩ ታወቀና በ1949 ወርቁ ተነጥቆ ለፈረንሳይ ተሰጠ። በትከሻ ላይ ያለ ምልክት እንጂ ፈረሱ አልተለወጠ!

ከዚህ በኋላ ደንቡ ላላ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ሃምሳ አለቃውም፣ ሲቪሉም፣ ሴቷም ገቡ። ስለ ሴቶች ተብሎ የተከፈተ በር አይመስለኝም፤ ቢሆንም አራት ሴቶች አለፉበት። አንዷ ሊስ ናት።

ጉግስ እያየ ላደገ አንባቢ ድሬሳጅ ግራ ያጋባው ይሆናል። ሽምጥ የለም፣ ማሳደድ የለም። 60 ሜትር በ20 በሆነ ሜዳ ፈረሱ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ ይሸጋገራል፤ ዳኞች እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ነጥብ ይሰጧታል። ትእዛዙ ለተመልካች መታየት የለበትም። ልጓሙ ፊቱን ይገራል፤ የኋላ እግሩን የሚቀሰቅሰው ግን የጋላቢው ባት ነው። ጎኑን በስሱ ጫን፣ ለቀቅ፤ ፈረሱ ይሰማል።

ሊስ የሚጫን ባት የላትም። የቀራት ጭኗ፣ ወገቧና የሰውነቷ ክብደት ነው። ባዝራዋ ጁቢሊ ይህንን ቋንቋ ለመልመድ ዓመታት ፈጅታለች። ሌላ ፈረስ ላይ ብትቀመጥ ሊስ የምታዝዘው የሚሰማ አይመስለኝም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተራዋ ደረሰ። ሰዎች ደግፈው ኮርቻ ላይ አወጧት። ከዚያ በኋላ ማንም ሊረዳት አይችልም።

ሁሉም የፈራላት ቦታ ፒያፍ የሚሉት ነው፤ ፈረሱ ሶምሶማውን ሳያቋርጥ ባለበት ይረግጣል። ባት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሊስ ወገቧን ሰብሰብ አደረገች። ጁቢሊ ታዘዘች።

ነጥቡ ተደመረ፦ 541.5። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሲጀመር የሊስ ስም ከተጠሩት ሦስቱ መካከል ነበር። መድረኩ ግን ደረጃ አለው፤ እሷ ደግሞ ብቻዋን ደረጃ መውጣት አትችልም።

አንድ መኮንን ወደ እሷ መጣ።

ሊስ ስንተኛ ወጣች? መኮንኑስ ማን ነው?

ሳምንት ይቀጥላል