ከፍታ ዕዳ አለው
በግቢ ውስጥ ስለሚሠራ የገጠር መኪና

ጎማው ትልልቅ፣ ወገቡ ከፍ ያለ ፒክአፕ በመንገድ ሲያልፍ ዞር ብሎ ያላየ ማን አለ? እኔም እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ እንዲህ ዓይነቱ መኪና የሚሠራው ከፍ በማድረግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ጎማ ይገዛል፣ ከሥሩ ከፍ ይደረጋል፣ አለቀ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቁልቁለት ላይ ከአጎቴ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ፣ ፍሬኑ እምቢ ሲል ነው። ወደዚያ ቀን ከመሄዴ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ለምን አስፈለገ?

አጎቴ ለብዙ ዓመታት ጋራዥ ውስጥ የሠራ መካኒክ ነው። አሁን ኮልፌ በሚገኘው ግቢው ጓሮ በቆርቆሮ በከለላት መጠለያ ውስጥ ይሠራል። ዋናው ሥራው ግን ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ያሉ የእህል ወፍጮዎችን መጠገን ነው። ወፍጮ ደግሞ መንገድ እስኪደርቅ ጠብቆ አይበላሽም። ሐምሌ ላይ ሲቆም የአካባቢው ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይጓዛል። ያን ጊዜ ስልክ ይደወላል፤ "ጋሼ፣ ድረስልን" ይባላል። መንገዱ ግን መረሬ ነው። መረሬ አፈርን የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ ልንገረው፦ ጥቁር ነው፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ተራ መኪና ገብቶበት አይወጣም።

ስለዚህ አጎቴ ብየዳ ማሽኑንና መለዋወጫውን ጭኖ ክረምት የሚገባበት መኪና ፈለገ። አዲስ ለመግዛት አቅሙ አይፈቅድም። ጎኑ የተጨረማመተ አሮጌ የላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ገዛና ግቢው ውስጥ አቆመው። ቅዳሜና እሁድ፣ አራት ወር ሙሉ ስንሠራው ከረምን። "ስንሠራው" የምለው ቁልፍ በማቀበል ስለተሳተፍኩ ነው።

ለምን ላንድ ክሩዘር?

ይህ መኪና ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1951 ይጀምራል፤ "ላንድ ክሩዘር" የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። አጎቴ የገዛው ከ1984 ጀምሮ መሠራት ከጀመረውና እስከ ዛሬ ከሚመረተው የ70 ሲሪየስ ቤተሰብ ነው። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ ነው። ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚመች ሦስት ነገር አለው። አንደኛ፣ አካሉ የተቀመጠው ራሱን በቻለ ጠንካራ ሻንሲ ላይ ነው። አካሉ ቢጨረማመትም አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ መኪናው አልሞተም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የፊቱም የኋላውም ጎማዎች ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋ ወጥ አክስል የተያያዙ ስለሆኑ አሠራሩ ግልጽ ነው። ሦስተኛ፣ መለዋወጫው መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል።

በነገራችን ላይ የሙያው ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ባሊስትራ ይባላል። ጎማው እንዲሽከረከር የሚያግዘው ኩሽኔታ፣ ዘንጎችን እንደ ጉልበት የሚያጣጥፈው መገናኛ ክሮቸራ፣ የጎማው የላይ ሽፋን ፓራፋንጎ ነው። እነዚህን ቃላት ይዘን እንቀጥል።

ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መኪናን ከፍ ማድረጊያ ሁለት መንገድ አለ፦ ባሊስትራና ጎማ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ባሊስትራው ላይ ቅጠል ሲጨመር ወይም የተንጠለጠለበት ማያያዣ ሲረዝም ከፍ የሚለው ሻንሲውና አካሉ ነው። አክስሉ ግን ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ የነበረበት ላይ ይቀራል። ድንጋይ የሚመታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አክስሉ መሃል ያለውን ዱባ የመሰለ ነገር፣ ዲፈረንሻሉን ነው። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው።

ቁጥሩን እንይ። የመኪናው የቀድሞ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ነበር። አጎቴ የገጠመው 89 ነው። ልዩነቱ 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ዲፈረንሻሉ ከፍ የሚለው በግማሹ፣ በ4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ምክንያቱም አክስሉ የሚያልፈው በጎማው መሃል ነው። ታዲያ ባሊስትራው ለምን ከፍ ይላል? ትልቁ ጎማ ፓራፋንጎውን እንዳይላጭ ነው። ማለትም የጎማው ከፍታ ለመንገዱ ሲሆን የባሊስትራው ከፍታ ግን ለጎማው ቦታ ለመስጠት ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ማድረግ ዕዳ መጨመር እንጂ ጥቅም የለውም።

ዕዳው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ዕዳ ጉልበት ነው። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ረጅም መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሩ በአንድ ዙር የበለጠ ሥራ ይጠየቃል፤ ዳገት ላይ ይደክማል። የፍጥነት ጌጁም ይዋሻል፦ 80 ሲያሳይ መኪናው ወደ 89 እየሮጠ ነው። መፍትሔው የዲፈረንሻሉን ጥርስ መቀየር ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞር ከነበረ፣ የድሮውን ጉልበት ለመመለስ ወደ 4.56 ገደማ መውጣት አለበት። አጎቴ ይህን ገና አልከፈለም፤ ዋጋው ከበደው። ለጊዜው ጌጁ ላይ ወረቀት ለጥፎ ቀስ ብሎ ይነዳል።

ሁለተኛው መሪ ነው። የፊት አክስሉ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሆኖ ስለሚገጠም መሪው ሲለቀቅ ራሱ ወደ መሃል ይመለሳል። የባሊስትራው አንዱ ጫፍ ብቻ ሲረዝም ይህ ዝንባሌ ይዛባል፤ መኪናው አስፋልት ላይ ወዲያና ወዲህ ይንገዋለላል። የሚስተካከለው በአክስሉና በባሊስትራው መካከል የብረት ሽብልቅ በማስገባት ነው። አያቶቻችን እንጨት የሚፈልጡበት ሽብልቅ እዚህም ገባ!

ሦስተኛው ክሮቸራው ነው። ሻንሲው ከፍ ሲል ከካምቢዮ ወደ አክስሉ የሚወርደው ዘንግ ይበልጥ ያዘቀዝቃል። ክሮቸራ የሚችለው ማዕዘን ልክ አለው። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት ማዕዘኖች እኩል ካልሆኑ ደግሞ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቸራውም ቶሎ ይበላል።

አራተኛው ሚዛን ነው። ቀላል ሒሳብ ልስጣችሁ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.40 ሜትር አለ እንበል፤ ግማሹ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ ቆሞ ሳለ በጎኑ የሚገለበጠው 45 ዲግሪ ሲያዘነብል ነው። ማዕከሉ ወደ 80 ከፍ ካለ በ41፣ ወደ 90 ከፍ ካለ በ38 ዲግሪ ገደማ ይገለበጣል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። ጭነት ተጭኖ፣ መታጠፊያ ላይ፣ በፍጥነት ሲሆን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከባዱ ብየዳ ማሽን ከካቢናው ጀርባ ከወለሉ ጋር ታስሮ የሚጫነው እንጂ ላይ የማይሰቀለው።

አምስተኛው ፍሬን ነው። ትልቅ ጎማ ፍሬኑን ያዳክመዋል፤ ያው ፍሬን ረዘም ያለ ክንድ ያለው ባላጋራ ገጠመው ማለት ነው። ግን እኛን ሊገድለን የነበረው ይህ አይደለም፤ ከዚህ በጣም ያነሰ ነገር ነው።

የዚያን ቀን

ባሊስትራውና ጎማው ተገጥመው ሌላው ሥራ ገና ነበር። ከገጠር ስልክ ተደወለ፤ ወፍጮ ቆሟል። አጎቴ ቸኮለ። "እስቲ እንጦጦ ጫፍ ወጥተን እንሞክረው" አለኝ። እናቴ "ሳያልቅ የት ልትሄዱ ነው?" ብትልም የሰማት የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእኛ ነበር።

ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣነው። ስንመለስ ከዋናው መንገድ ወጣ ባለው የኮረት መንገድ ላይ የኋላው ግራ ጎማ ቦይ ውስጥ ገባና አክስሉ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ድንጋይ መስሎኝ ዝም አልኩ። ጥቂት እንደወረድን አጎቴ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሊሰምጥ ምንም አልቀረውም። "ያዝ!" አለኝ። ምኑን እንደምይዝ አላውቅም፤ ዳሽቦርዱን ያዝኩ። እሱ አልጮኸም። ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አወረደውና ሞተሩ እንዲይዘው አደረገ። ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መሪውን ከገደሉ አርቆ ወደ ተራራው ጥግ አዞረ። መኪናው አፈሩን ታክኮ ቆመ። ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሳስገባ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምን ሆኖ ነው? ከሻንሲው ወደ ኋላ አክስል የፍሬን ዘይት የሚያደርስ አጭር የላስቲክ ቱቦ አለ። አክስሉ ሲወርድና ሲወጣ አብሮት ይታጠፋል። ርዝመቱ የተለካው ለቀድሞው ባሊስትራ ነው። ሻንሲው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ቱቦው ተወጠረ፤ ጎማው ቦይ ውስጥ ሲንጠለጠል ተበጠሰ። ያተረፈን የፍሬኑ አሠራር ነው። የፊቱና የኋላው ዘይት በተለያየ መስመር ስለሚሄድ የኋላው ሲፈስ የፊቱ በመጠኑ ይሠራ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ የሚስበው በካቦ ስለሆነ ዘይት አይፈልግም። አጎቴ ከመኪናው ሥር ገብቶ ካየ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "ባሊስትራውን አሳደግኩ፣ ጎማውን አሳደግኩ፣ ይቺን የአንድ ስንዝር ላስቲክ ረሳኋት" አለ።

ዕዳውን መክፈል

ከዚያ ቀን በኋላ መኪናው ወር ሙሉ ከግቢ አልወጣም። አጎቴ መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባውን ሙከራ አደረገ። ሻንሲውን በክሪክ አንስቶ፣ በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፎ፣ ጎማዎቹ በአየር ላይ እስከ መጨረሻው እንዲንጠለጠሉ ለቀቃቸው። መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እያዞርኩ፣ እሱ በባትሪ መብራት እያንዳንዱን ቱቦ፣ ገመድና ዘንግ ተመለከተ። የተወጠረ ካለ ይረዝማል፣ የሚነካካ ካለ ይራቃል። ረዣዥም የፍሬን ቱቦዎች በፊትም በኋላም ተገጠሙ፤ ሽብልቁ ገባ፤ የዘንጉ ማዕዘን ተስተካከለ።

ከእሱ የቀዳኋቸው ሕጎች ጥቂት ናቸው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ነዳጅ ጋን አጠገብ ብየዳ የለም። የመሪ ዘንግ ከተሰበረ ይቀየራል እንጂ አይበየድም። አንድ ነገር ሲቀየር ደግሞ "ይህ ከምን ጋር ተያይዟል?" ተብሎ ይጠየቃል።

በቤት ውስጥ የተሠራ መኪና ትልቅ ነገር ሊሠራ እንደሚችል በዓለም ታሪክም ታይቷል። አሜሪካዊው ብሩስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በቮልስዋገን ዕቃ ላይ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ቀላል አካል ገጥሞ "ማየርስ ማንክስ" የተባለችውን ትንሽ መኪና ሠራ። በ1967 ሜክሲኮ ባጃ ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያው የበረሃ ውድድር፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ፣ ያሸነፈችው ማንክስ ናት። የሚገርመው የምትነዳው በኋላ ሁለት ጎማዎቿ ብቻ ነበር፤ እንደ ግዙፍ ፒክአፕም ከፍ ያለች አልነበረችም። ያሸነፈችው ቀላልና ሚዛኗን የጠበቀች ስለነበረች ነው።

የአጎቴ ፒክአፕ ነሐሴ ላይ መረሬውን አልፎ ወፍጮው ዘንድ ደረሰ። እኔ አብሬ አልሄድኩም፤ የሰማሁት በስልክ ነው። ከበስተጀርባው የወፍጮ ድምፅ ይሰማ ስለነበር ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወደፊት መንገድ ላይ ከፍ ያለ መኪና ስታዩ እንደ ድሮው ጎማውን ብቻ አትዩ። ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ያለችውን የአንድ ስንዝር ላስቲክ ፈልጉ፤ የሠራው ሰው ዕዳውን መክፈል አለመክፈሉን የምትነግራችሁ እሷ ናት።