የዳይ ሕዝብ ዓመት በዓላት

ስለ አንድ ሕዝብ በዓል የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገልጸው በዓይኑ ያየውን ነው፤ ጭፈራውን፣ አልባሳቱንና ምግቡን። እንዲህ ያለው ገለጻ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በዓሉ በዚያ ወር የዋለው ለምንድን ነው? በዚያ መንገድ የሚከበረውስ ለምንድን ነው? ቢቀር ምን ይጎድላል? ገለጻ የሚሟላው እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲያገኙ ነው። ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ ስታነቡ ሦስቱን ጥያቄዎች በልባችሁ ያዙ።

የዳይ ሕዝብ በአብዛኛው የሚኖረው በደቡብ ምዕራብ ቻይና በዩናን ክፍለ ሀገር ነው። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2010 በተደረገው ቆጠራ መሠረት ብዛቱ ከ1,200,000 በላይ ነበር። ቋንቋው ከታይላንድና ከላኦስ ቋንቋዎች ጋር ይዛመዳል፤ አብዛኛው ሕዝብ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታይ ነው። ከዋና ዋና መኖሪያዎቹ አንዱ ሲሽዋንግባና ይባላል። ይህ ስም ሲፕሶንግ ፓና ከሚለው የአገሬው አጠራር የመጣ ሲሆን፣ ቀጥተኛ ትርጉሙ «ዐሥራ ሁለት ሺህ የሩዝ ማሳ» ማለት ነው። አገሩን በማሳ የሰየመ ሕዝብ በዓላቱንም ከዝናምና ከእርሻ ጋር ቢያስተሳስር አያስደንቅም።

የዳይ ሕዝብ ዐበይት በዓላት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የውሃ መራጫ በዓል ሲሆን የዘመን መለወጫ ነው። የሚውለውም በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ጀምሮ፣ በጋው አልቆ ዝናም በሚጠበቅበት ወቅት ነው። ዳዮች ወራትን በጨረቃ፣ ዓመትን ግን በፀሐይ ይቆጥራሉ። ሁለቱን ለማስማማት በ19 ዓመት ውስጥ 7 ወራት ይጨምራሉ። አዲሱ ዓመት የሚወሰነው በፀሐይ በመሆኑም የሚገባው በመጀመሪያው ወር ሳይሆን በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር ነው።

በዓሉ በአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ይጀምራል። ቀጥሎ «ባዶ ቀን» የሚባል አለ። የእኛ ጳጉሜ ባለቀው ዓመት ውስጥ ትቆጠራለች፤ ባዶው ቀን ግን ከአሮጌውም ከአዲሱም ዓመት አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ የአዲሱ ዓመት ቀን ይብታል። በእነዚህ ቀናት ሕዝቡ ወደ ቤተ መቅደስ ሄዶ የቡድሃን ምስል በውሃ ያጥባል፤ ከአሸዋም ትንንሽ ግንቦችን ይሠራል። ከዚያም ሰው በሰው ላይ ውሃ ይረጫል። ለሽማግሌ የሚረጨው በቅጠል የተነከረ ጥቂት ጠብታ ነው፤ ምርቃትም ይታከልበታል። ወጣቶች ግን በባልዲ ይሞሻለቃሉ። ሜኮንግ በሚባለው ወንዝ ላይ የጀልባ እሽቅድምድም ይደረጋል፤ ከቀርከሃ የተሠራ ርችትም ይተኮሳል።

ውሃ የሚረጨው ለምንድን ነው? አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። አንድ ክፉ የአጋንንት ንጉሥ ሰባት ልጃገረዶችን በግድ አገባ። እሳት አያቃጥለውም፤ ብረትም አይበሳውም ነበር። ሰባተኛዋ ግን ሊገድለው የሚችለው የገዛ ጠጉሩ ብቻ መሆኑን በዘዴ ዐወቀች፤ በተኛበትም በጠጉሩ አንገቱን ቆረጠችው። ራሱ መሬት በነካ ቁጥር እሳት ስለሚነሣ ልጃገረዶቹ ተራ በተራ ያዙት። አንዷ ለሌላዋ ባስረከበች ጊዜም ሕዝቡ ደሙን በውሃ ያጥብላት ነበር። ስለዚህ መራጨቱ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ያለፈውን ክፋት ማጠብና ውለታን ማስታወስ ነው።

ሁለተኛው የበር መዝጊያ በዓል ነው። የሚውለው በዳይ ዘጠነኛ ወር 15ኛ ቀን፣ ማለትም በእኛ ሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ነው። የሚዘጋው የቤት በር አይደለም። ለሦስት ወር ሠርግ አይደገስም፤ መነኮሳትም ከገዳማቸው ርቀው አይሄዱም። ሽማግሌዎች በየሳምንቱ ገደማ ስንቅ ይዘው በቤተ መቅደስ ቅዱሳት መጻሕፍት ሲነበቡ ያዳምጣሉ፤ ወጣቶች በማሳው ይሠራሉ። ስለ አጀማመሩ የሚነገረው ታሪክ ግልጽ ነው። በጥንት ዘመን መነኮሳት በዝናም ወራት እየተዘዋወሩ ሲያስተምሩ ቡቃያውን ስለረገጡ ገበሬዎች አቤት አሉ፤ ቡድሃም ዝናሙ እስኪያልፍ ባሉበት እንዲቆዩ አዘዘ።

ሦስተኛው የበር መክፈቻ በዓል በዐሥራ ሁለተኛው ወር 15ኛ ቀን፣ በእኛ ጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ይውላል። ዝናሙ አልፎ የአዝመራው ጊዜ ስለሚቃረብ ሠርጉ ይመለሳል፤ ዘመድም ዘመዱን ሊጠይቅ ይወጣል።

እነዚህ በዓላት ፈተና ደርሶባቸዋል። በ1961 የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በሲሽዋንግባና ከሕዝቡ ጋር ውሃ ተራጭተው ነበር። ከ1966 እስከ 1976 በዘለቀው የባህል አብዮት ዘመን ግን ቤተ መቅደሶች ተዘጉ፤ ሃይማኖታዊ ሥርዓትም ታገደ። በኋላ በዓላቱ እንደገና አንሠራሩ፤ የውሃ መራጫውም በዓል በ2006 በቻይና ብሔራዊ የባህል ቅርስነት ተመዘገበ። ዛሬ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። ለጎብኚዎች ሲባል ውሃ መራጨት በየዕለቱ የሚታይባቸው ስፍራዎች አሉ። ይህ ለአገሬው ሰው ገቢ ያስገኛል። ነገር ግን ውሃ በየቀኑ ሊረጭ ቢችልም አዲስ ዓመት በየቀኑ አይገባም። ጎብኚው የሚያየው መራጨቱን ነው፤ ባዶውን ቀን፣ የሽማግሌውን ምርቃትና የሦስቱን ወር ዝምታ አያይም። በዓል ቀኑንና ምክንያቱን ሲያጣ የሚቀረው ትርኢት ነው። እናንተም ስለ በዓል ስትጽፉ ምክንያቱን ካላስቀመጣችሁ የምትጽፉት ስለ ትርኢት ብቻ ይሆናል።

መልመጃ

1. የዳይ አዲስ ዓመት በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር የሚገባው ለምንድን ነው?
2. «በር መዝጋት» የሚለው ሐረግ በምንባቡ ውስጥ ያለውን ፍቺ በራሳችሁ አባባል ጻፉ።
3. በምንባቡ ውስጥ ምክንያትን ከውጤት ጋር የሚያያይዙ ቃላትንና ሐረጎችን አውጥታችሁ በአዳዲስ ዓረፍተ ነገሮች አስገቧቸው።
4. በአካባቢያችሁ ከሚከበሩት በዓላት አንዱን መርጣችሁ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ከዚያም በመግቢያው የተነሡትን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስ ባለ አራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።