ተጨማሪ መረጃ፦ እንቁላልን በቤት ውስጥ ማስፈልፈል

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ገጠር ጫጩት በአብዛኛው የሚፈለፈለው በታቃፊ ዶሮ፣ ማለትም እንቁላል መጣሏን አቁማ በጭድ በተነጠፈ ጎጆ ላይ በመቀመጥ እንቁላሎቹን በሰውነቷ ሙቀት በምታሞቅና በምታገላብጥ ዶሮ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈለፍል ቤተሰብ ከአውራ ዶሮ ጋር ከዋለች ዶሮ የተገኙ የዳበሩ፣ ያልተሰነጠቁና ከተጣሉ ከ7 ቀን ያልበለጡ እንቁላሎችን መምረጥ ይኖርበታል። ኢንኩቤተር በተባለው ማስፈልፈያ መሣሪያ የሚጠቀም ከሆነ፣ ሙቀቱን በ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ መጠበቅና ሽሉ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር እንዳይጣበቅ እስከ 18ኛው ቀን እንቁላሉን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ማገላበጡ ቆሞ እርጥበቱ ይጨመራል። በ7ኛው ቀን ገደማ እንቁላሉን በጨለማ ክፍል በባትሪ ብርሃን መመርመር፣ የደም ሥር የሚታይበትን ካልዳበረው ለመለየት ያስችላል። ጫጩቶቹም በ21ኛው ቀን አካባቢ ይፈለፈላሉ።