ማኅበር ከፈረሰ በኋላ በሹማምንቱ ላይ ስለሚቀር ዕዳ

ነጋዴ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘቡን አዋጥቶ ማኅበር የሚያቋቁመው፥ ንግዱ ቢከስር የሚጠፋበት ያዋጣው ብቻ እንዲሆንና ቤቱና የግል ንብረቱ እንዳይነካበት አስቦ ነው። ሕግም በብዙ አገር ይህንኑ ይፈቅድለታል። ሒሳብ ተጣርቶ፥ ዕዳ ተከፍሎ፥ የተረፈው ለባለአክሲዮኖች ከታደለ በኋላም ጉዳዩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። በአሜሪካ፥ በሚዙሪ ግዛት፥ ቬሮና በምትባል አነስተኛ ከተማ የሆነው ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኖርዝኢስተርን ፋርማሲዩቲካል ኤንድ ኬሚካል ካምፓኒ፥ ባጭሩ ኔፓኮ የተባለው ማኅበር፥ ከ1970 እስከ 1972 መጀመሪያ ድረስ በዚያች ከተማ ሄክሳክሎሮፊን የሚባለውን፥ በሳሙና ውስጥ የሚገባ ጀርም ገዳይ ኬሚካል ይሠራ ነበር። የሥራው ዝቃጭ ዳዮክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለበት። በሐምሌ 1971 የፈረቃው ተቆጣጣሪ፥ ዝቃጩን ከከተማው በስተደቡብ 11 ኪሎሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ እርሻ ለመጣል ሐሳብ አቀረበ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስፍራውን አይቶ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ አስታወቀ፤ ምክትሉም ፈቀዱ። እያንዳንዳቸው 208 ሊትር ያህል የሚይዙ 85 ገደማ በርሜሎች በጉድጓድ ተጥለው አፈር ተመለሰባቸው። ጥቂት ወጪ ያለበት መላ መስሎ ታይቷቸው ይሆናል።

በ1974 የማኅበሩ ንብረት ተሸጦ ዕዳው ተከፈለ፤ ትርፉም ለባለአክሲዮኖች ተከፋፈለ። በ1976 የመቋቋሚያ ፈቃዱ ተሰረዘ። በጥቅምት 1979 ግን ስሙን ያልገለጸ ሰው ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ጥቆማ ሰጠ። ጉድጓዱ ሲቆፈር በርሜሎቹ በዝገት ተበልተው ተገኙ። መንግሥትም በ1980 ክስ መሠረተ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለመርዛማ ቦታዎች ጽዳት የወጣው አዲስ ሕግ ወጪውን ከሚጠየቁት ወገን ለማስመለስ መንገድ ከፈተ።

ምክትል ፕሬዚዳንቱ የተከራከሩት፥ የሠሩት ለማኅበሩ እንጂ ለራሳቸው እንዳልሆነ፥ ዝቃጩም የማኅበሩ ንብረት እንደ ነበረ በመግለጽ ነው። ሕጉ ከድርጊቱ በኋላ የወጣ መሆኑም ተነሥቶ ነበር። እነዚህ መከራከሪያዎች ለነጋዴ ጆሮ ትክክል ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የስምንተኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 31 ቀን 1986 አልተቀበላቸውም። የማኅበሩን የሕግ ሰውነት ሳይሽር፥ ሰውየው የተጠየቁት ባለአክሲዮን በመሆናቸው ሳይሆን ዝቃጩ የሚጣልበትን ነገር ራሳቸው በመወሰናቸው ነው አለ። የፈረቃው ተቆጣጣሪም ቦታውን መርጦ በማጓጓዙ ተጠያቂ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ የማኅበሩ የበላይ ኃላፊ በመሆናቸው በሌላ የቆሻሻ ሕግ መሠረት ከኃላፊነት አላመለጡም። ሕጉም ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ተፈረደ።

አክሲዮን ብቻ ይዞ በሥራው እጁን ያላስገባ ሰው ግን በዚህ መንገድ አይያዝም። በ1998 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤስትፉድስ በተባለው ማኅበር ጉዳይ፥ የበላይ ማኅበር የበታቹ ባለቤት በመሆኑ ብቻ እንደማይጠየቅ ገልጿል።

ኢንሹራንስ መግዛት በቂ ነው የሚል ነጋዴ ቢኖር፥ የኔፓኮ መድን ሰጪ የጽዳቱ ወጪ በውሉ «ጉዳት» ከተባለው ውስጥ አይገባም ብሎ ተከራክሮ በ1988 በዚያው የይግባኝ ፍርድ ቤት ረትቷል። የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ የተለየ ትርጉም የሰጠው በ1997 ነው።