የፕሮጀክት ዕቅድን ከሚረከበው ውጤት መጀመር፡ ለሙያ ማረጋገጫ ፈተና ተዘጋጆች የቀረበ ማብራሪያ

የአንድ ገጠር ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ሪፖርት «ቁፋሮ ተከናውኗል፣ ቧንቧ ተዘርግቷል፣ ሥልጠና ተሰጥቷል» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ የተዘረዘሩት ተግባራት በሙሉ ተፈጽመውም ከቦኖው የሚጠጣ ውሃ ላይቀዳ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ክፍተት አንዱ ምክንያት ዕቅዱ የሚረከበውን ውጤት አስቀድሞ ሳይለይ የሚሠራውን ሥራ ብቻ በመዘርዘር መዘጋጀቱ ነው። ጉዳዩ በፒኤምፒ እና በፕሪንስ 2 የሙያ ማረጋገጫ ፈተናዎች የሚነሳ በመሆኑ መሠረታዊ ሐሳቡ እንደሚከተለው ቀርቧል።

የሚረከብ ውጤት ምንድን ነው?

የሚረከብ ውጤት ማለት በፕሮጀክቱ የሚገኝ፣ መኖሩና ጥራቱ ሊረጋገጥ የሚችል ምርት፣ አገልግሎት ወይም ሰነድ ነው። በመሆኑም የሚገለጸው በድርጊት ሳይሆን በነገሩ ስም ነው። «ጉድጓድ መቆፈር» ተግባር ሲሆን «የውሃ መጠኑ በፓምፕ ሙከራ የተረጋገጠ ጥልቅ ጉድጓድ» ግን የሚረከብ ውጤት ነው። የመጀመሪያው ጊዜና ገንዘብ መዋሉን ይናገራል፤ ሁለተኛው ምን እንደተገኘ ያሳያል።

አራቱ የዕቅድ ደረጃዎች

ፕሪንስ 2 በእንግሊዝ መንግሥት የፕሮጀክት አሠራር ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ የሆነ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ በውጤት ላይ የተመሠረተ ዕቅድ አራት ደረጃዎች አሉት።

አንደኛ፣ የፕሮጀክቱ አጠቃላይ ውጤት ይገለጻል። ተጠቃሚው ማን እንደሆነና ሥራው በየትኞቹ መስፈርቶች ተቀባይነት እንደሚያገኝ በዚህ ደረጃ ይወሰናል።

ሁለተኛ፣ አጠቃላዩ ውጤት ወደ ክፍሎቹ ይተነተናል። በውሃ ፕሮጀክቱ እነዚህ ክፍሎች ጉድጓድ፣ ፓምፕ፣ የኃይል አቅርቦት፣ ማጠራቀሚያ ጋን፣ የማሰራጫ መስመር፣ ቦኖዎች እና የሠለጠነ የውሃ ኮሚቴ ሊሆኑ ይችላሉ። የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚዘረጋው ሌላ ተቋም ከሆነ መስመሩ ውጫዊ ውጤት ተብሎ ይለያል። ከፕሮጀክቱ ቁጥጥር ውጭ በመሆኑም መዘግየቱ እንደ ስጋት ተይዞ ክትትል ይደረግበታል።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ውጤት መግለጫ ይጻፋል። መግለጫው የውጤቱን ዓላማ፣ ይዘት፣ የጥራት መስፈርት፣ የሚፈቀደውን ልዩነት፣ የማረጋገጫ ዘዴውን እና ኃላፊነት ያለባቸውን አካላት ይይዛል።

አራተኛ፣ ውጤቶቹ የሚገኙበት ቅደም ተከተል በንድፍ ይቀመጣል። ተግባራት፣ የጊዜ ግምትና በጀት የሚዘረዘሩት ከዚህ በኋላ ነው።

የሦስተኛውና የአራተኛው ደረጃ ጥቅም በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። በአካባቢው በርካታ ጉድጓዶች ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን ያለው ውሃ ይገኝባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ መመሪያ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በላይ የሆነ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል። መስፈርቱ በጉድጓዱ መግለጫ ላይ አስቀድሞ ከተጻፈ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ ፓምፕ ከመገዛቱና ቧንቧ ከመዘርጋቱ በፊት እንዲቀርብ ዕቅዱ ራሱ ያስገድዳል። ካልተጻፈ ግን ችግሩ የሚታወቀው ገንዘቡ ወጥቶ፣ ኅብረተሰቡም ውሃውን መጠጣት ከጀመረ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ከፒኤምፒ ፈተና አንጻር

ለፒኤምፒ የሚዘጋጁ ተፈታኞች ተመሳሳዩን ሐሳብ የሚያገኙት በሥራ ዝርዝር መዋቅር ውስጥ ነው። መዋቅሩ የፕሮጀክቱን ወሰን በሚረከቡ ውጤቶች እየከፋፈለ እስከ ሥራ ጥቅል ድረስ ይወርዳል። የመቶ በመቶ ደንብ በሚባለው መርህ መሠረት የንዑስ ክፍሎቹ ድምር ከበላያቸው ካለው ክፍል ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የጎደለ ሥራ እንዳይኖር፣ ከወሰን ውጭ የሆነም እንዳይጨመር ያደርጋል። የፕሮጀክት አመራሩ ሥራም በዚሁ ውስጥ ይካተታል።

ተፈታኞችን ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው በጥራት ቁጥጥርና በወሰን ማረጋገጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በፒኤምቦክ መመሪያ 6ኛ እትም መሠረት የተጠናቀቀው ውጤት በጥራት ቁጥጥር ትክክለኛነቱ ሲመረመር «የተረጋገጠ» ይባላል። ቀጥሎም በወሰን ማረጋገጥ ሂደት ደንበኛው ወይም የፕሮጀክቱ ባለቤት በይፋ ሲቀበለው «ተቀባይነት ያገኘ» ይሆናል። ስለሆነም የጉድጓዱ ውሃ በላቦራቶሪ መመርመሩ የጥራት ቁጥጥር፣ ተረካቢው አካል ውጤቱን ተመልክቶ መፈረሙ ደግሞ የወሰን ማረጋገጥ ምሳሌ ነው።

በዝግጅት ወቅት ሊደረግ የሚገባው

ተፈታኞች የሚያውቁትን አንድ ሥራ መርጠው አራቱን ደረጃዎች በወረቀት ላይ ቢሞክሩ ሐሳቡን በቀላሉ ይጨብጡታል። በዝርዝራቸው ውስጥ ለሚገኘው ለእያንዳንዱ ነጥብ «ማን ይረከበዋል? በምን ያረጋግጠዋል?» የሚሉትን ጥያቄዎች ማንሳት ይኖርባቸዋል። መልስ የሌለው ነጥብ ምናልባት ተግባር እንጂ ውጤት አይደለም። ይህ ልምድ ከፈተናው ክፍል ባሻገር በሥራ ላይም ያገለግላል፤ ኅብረተሰቡ ከፕሮጀክቱ የሚጠብቀው የተከናወኑ ተግባራትን ቁጥር ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ነውና።